የብራና ባሕርይና የሠዓሊ ፈቃድ

ረቂቅ ሥዕል የሚሥል ሰው መልክና ቅርጽ ከማስመሰል ግዴታ ነጻ ስለ ሆነ እጁ እንዳመጣለት የሚሠራ የሚመስለው ተመልካች ብዙ ነው፤ እኔ ግን በዚህ ሙያ ስኖር እንደ ተረዳሁት፣ የሰውና የዛፍ አምሳል ከሥዕሉ በራቀ መጠን የቀለሙ፣ የዘይቱና የመደቡ ባሕርይ እየጎላ ስለሚመጣ፣ የሠዓሊው ፈቃድ ለግዙፉ ነገር ሕግ ይበልጥ ይገዛል። የተልባ ዘይት የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ነውና፣ ሙጫና ነጭ መደብ ባልለበሰ ሸራ ላይ ቢያርፍ በዘመን ብዛት ድርና ማጉን እያደረቀ ያሰባብረዋል፤ ይህን የማያውቅ ሰው አዲስ ነገር ሞከርሁ ቢል ሙከራ ብዬ አልቀበለውም።

እኔን ወደ ብራና የመራኝ የእስክንድር ቦጎስያን ሥራ ነው። ይህ ታላቅ ሠዓሊ በዋሽንግተን ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር በነበረበት ዘመን፣ ከዛፍ ልጥ ተቀጥቅጦ የሚሠራውን ጨርቅ ወስዶ፣ ገጹን ከፍና ዝቅ እያደረገ፣ ልጡ ራሱ የሥዕሉ አካል እንዲሆን ሠርቶበታል፤ በ1981 እ.ኤ.አ. የሠራው «የጊዜ ዑደት 3» ለዚህ ምስክር ነው። እኔም ሊቃውንት አባቶቻችን ዳዊትና ወንጌል የጻፉበት የፍየል ቆዳ ለረቂቅ ሥዕል ምን ይሰጠው ይሆን ብዬ በኅሊናዬ ሳወጣና ሳወርድ ቆየሁ።

ብራና እንደ ጫማ ቆዳ አይለፋም፤ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ጠጉሩና ሥጋው ተፍቆ፣ እንደ ተወጠረ ይደርቃል። ስለዚህም ከውኃ ጋራ ያለው ዝምድና አልተቋረጠም። ጥላሸት በሙጫ ውኃ በጥብጬ ሳፈስበት፣ ጠጉር በነበረበት ገጽ ጥቁሩ በየቀዳዳው እየገባ ጥቃቅን ነጥብ ይሠራል፤ ሥጋ በነበረበት ገጽ ግን እየለዘበ ይሰርጋል። ወዲያው ቆዳው ይረጥብና ይረግባል፤ መካከሉ ይጎደጉዳል፤ ቀለሙም ወደ ጎድጓዳው ይሰበሰባል፤ በጀርባ አጥንቱ መስመር ላይ ቆዳው ወፍሮ ቀለሙን እየዘገየ ስለሚጠጣ፣ እኔ ያላሰመርሁት ነጣ ያለ ጎዳና ከላይ እስከ ታች ይወጣል። ሲደርቅ መልሶ እንደ ከበሮ ይወጠራል። በዚያ መካከል የኔ ድርሻ መወጠሪያውን ማዘንበል፣ መታገሥ፣ ዳግመኛም ማፍሰስ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው መፋቁን ነው። ጸሐፊ የተሳሳተውን ፊደል በቢላዋ እንደሚፍቅ እኔም የደረቀውን ጥላሸት እፍቃለሁ፤ ነገር ግን የተፋቀው ስፍራ ስለሚሻክር ቀጥሎ የሚመጣውን ቀለም ከአካባቢው አብልጦ ይጠጣልና፣ ለማጥፋት የታሰበው ብልሃት በእጄ ላይ የማጥቈሪያ ብልሃት ሆኗል፤ በዚህም እጅግ ደስ ይለኛል።

ያለቀውን ሥዕል በጣውላ ላይ አልለጥፈውም፤ ብለጥፈው በእርጥበት እየሰፋ በድርቀት እየጠበበ ወይ ጣውላውን ያጎብጠዋል፣ ወይ ራሱ ይቀደዳል። በመወጠሪያው ላይ በገመድ እንደ ታሰረ እሰጣለሁ። ሥዕሉን የገዙ ሰዎች በክረምት ረገበ ብለው ሲጠይቁኝም፣ ከምድጃና ከፀሐይ እንዲያርቁት፣ ገመዱን ግን ከቶ እንዳያጠብቁት እነግራቸዋለሁ፤ በበጋ አየሩ ሲደርቅ ቆዳው ራሱ ይሰበሰባልና፣ በክረምት የጠበቀ ገመድ ያን ጊዜ ጠርዙን ይቀድደዋል።