«የተሠራ ስልክ»፦ በአንዳንድ የስያሜ ሙከራዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ እጅ ስልክ የሚጻፈውን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች በአንድ ነገር ስም ሲቸገሩ እናያለን። ነገሩ ማዕድኑ ሲቆፈርና ዕቃው ሲገጣጠም ሰው እንዳይበደልበት የታሰበለት፣ ባትሪውና መስታወቱ በቀላሉ ተፈትቶ የሚለወጥ፣ ዕድሜውም የረዘመ ስልክ ነው። በ2005 ዓ.ም. አምስተርዳም ላይ የተቋቋመው ፌርፎን የተባለው ኩባንያ በዚህ ዓላማ ይታወቃል። ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ ለስልክ ካፓሲተር የሚውለው ታንታለም ከጉጂ ምድር፣ ከቀንጢቻ፣ ለዓመታት እየተቆፈረ ለውጭ ገበያ ቀርቧል። ሦስት ሙከራዎችን እንመርምር።

የመጀመሪያው «ሥነ ምግባራዊ ስልክ» ነው። ሥነ ምግባር በአማርኛ የሰው ነው፤ ተማሪም ሹምም ሥነ ምግባር ይኖረዋል ወይም ይጎድለዋል። ስልክ ግን አይመሰገንም፣ አይወቀስም። ሐረጉን ያነበበ ሰው «ነውር የማያሳይ ስልክ» ብሎ ቢረዳው አይፈረድበትም። ከዚህም በላይ፣ ስያሜው ኃላፊነቱን ከአምራቹና ከገዢው ላይ አንሥቶ በዕቃው ላይ ይጭነዋል።

ሁለተኛው «ዘላቂ ስልክ» ነው። «ዘላቂ ልማት» ስለተለመደ ቅጽሉ ወደ ስልክ ተሻገረ። የ«ዘለቀ» ፍቺ ግን እስከ መጨረሻ መድረስ ነው፤ ገበሬ ጎተራው እስከ አዲስ እህል ሲያደርሰው «ዓመቱን ዘለቀልን» ይላል። እንግዲህ ቃሉ የስልኩን ዕድሜ በሚገባ ይገልጻል፤ ስለ ማዕድን ቆፋሪው ግን ዝም ይላል። ጎደሎ ነው እንጂ ስሕተት አይደለም።

ሦስተኛው «በፍትሕ የተሠራ ስልክ» ሲሆን ከሁሉ የተሻለ ይመስላል። ሆኖም ቃሉን ከደምቢያዋ ከተማ ከቆላ ድባ ገበያ ወስደን እንፈትነው። «ሰዓት ሠሪ» ሰዓት አያመርትም፣ ይጠግናል እንጂ፤ «ስልክ ሠሪ»ም እንደዚሁ። «ስልኬን አሠራሁ» ያለ ሰው አስጠገንሁ ማለቱ ነው። በዚያ ገበያ «የተሠራ ስልክ» የሚባለው አንድ ጊዜ ተበላሽቶ የተከፈተ ስልክ ነውና ገዢ ይሸሸዋል። «የሚሠራ ስልክ» ደግሞ ያልተበላሸ ማለት ነው። አማርኛ ማምረትን፣ መጠገንንና በደኅና ማገልገልን በአንድ ግሥ አስሮ ይዟል፤ ተርጓሚው ይህን ሳያስተውል ቢቀር ሊያስመሰግነው ያሰበውን ዕቃ ያስነቅፈዋል።

ታዲያ ምን ይበጃል? «ተጠጋኝ» የሚለው ቅጽል በ«ተንቀሳቃሽ» አምሳል ቢወጣም፣ በጽሑፍ «ወደ እኔ ቀረበ» ከሚለው ግሥ አይለይምና አንመርጠውም። «የሚጠገን ስልክ» ግን ማንም የሚያውቀው፣ በሥራም የሚፈተን አነጋገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው ደንብ፣ የአንድ ስልክ ሽያጭ ካቆመ በኋላ እንኳ ዋና ዋና መለዋወጫዎቹ ለ7 ዓመት እንዲገኙ አምራቾችን ያስገድዳል። መጠገን በሕግ የሚለካ ባሕርይ ከሆነ ዘንድ በመዝገበ ቃላትም የራሱ ስፍራ ይገባዋል።

ለፍትሑ ወገን «ከበደል የጠራ ስልክ» ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ይህን ያህል የጠራ ስልክ የለም፤ ፌርፎን ራሱም ፍጹም ፍትሐዊ ስልክ ሠራሁ አይልም። ስለዚህ «በደል የተቀነሰበት ስልክ» እንላለን። ረዘም ይላል፤ ይሁንና አይዋሽም።

እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ ተከማችቷል፤ በአግባቡ ተሰብስቦ ዳግም ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ከሩቡ ያነሰ ነው። የቆላ ድባው ገዢ ስልክ ሲመርጥ «ቢበላሽ ይሠራል ወይ?» ብሎ መጠየቅን አስቀድሞ ያውቅበታል። የእኛ ድርሻ ይህን ጥያቄ በባዕድ ቅጽል መሸፈን ሳይሆን፣ «ሲመረትስ ማን ተበደለ?» የሚለውን ሁለተኛ ጥያቄ ለመጠየቅ የሚያበቃውን ቃል ማቅረብ ነው።