ስለ አሮጌ የጌም ካሴት ባትሪ አለዋወጥ

በጄኔቭ አውሮፕላን ማረፊያ ጥግ ባለችው በግራንድ ሳኮኔ ኑሯችንን የመሠረትን ኢትዮጵያውያን፣ ልጆቻችን በሕፃንነታቸው ይጫወቱባቸው የነበሩትን የጌም ቦይ ካሴቶች ከመሳቢያ አውጥተን ስንከፍታቸው፣ ጨዋታው እንደ ጥንቱ በጎ ሆኖ ሳለ ልጁ የደከመበት መዝገብ ግን ፈጽሞ ተደምስሶ የምናገኘው፣ መዝገቡን የሚይዘው ማኅደር ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ሁሉን የሚዘነጋ ዓይነት ስለ ሆነና፣ መሣሪያው ጠፍቶ ሳለ ሌሊትና ቀን የሚመግበው ባለ 3 ቮልት የሊቲየም ባትሪ ዘመኑን ስለ ፈጸመ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ወደ አውሮፓ የገቡት ፖኬሞን ጎልድና ሲልቨር ደግሞ በውስጣቸው ሰዓት ስላለ ባትሪያቸው ከቀደሙት ፈጥኖ ያልቃል።

ይህን ባትሪ የሚለውጥ መልካም ሠራተኛ የሚታወቀው ገና መፍቻውን ሳያነሣ ነው። ያረጀ የብራና መጽሐፍ ሊጠርዝ የተነሣ ሰው አስቀድሞ ቅጠሉን እንደሚቆጥር፣ እርሱም ካሴቱን ሲረከብ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «መዝገቡ አለ ወይስ ጠፍቷል?» ብሎ ነው፤ ካለም ወደ ኮምፒዩተር ገልብጦ ያኖረዋል፣ ባትሪውን ከለወጠ በኋላም ወደ ስፍራው ይመልሰዋል፤ አሮጌው ባትሪ በተነቀለ ጊዜ መዝገቡም አብሮት ይጠፋልና። ይህን ሳይጠይቅ የሚከፍት ሰው፣ እጁ የቱንም ያህል የተባ ቢሆን፣ በእኔ ፍርድ ገና ተማሪ ነው። በጌም ቦይ አድቫንስ የወጡት ፖኬሞን ሩቢና ሳፋየር ግን ባትሪያቸው የሚጠብቀው ሰዓቱን ብቻ ስለ ሆነ፣ በእነርሱ ላይ «መዝገባችሁ ሊጠፋ ነው» ብሎ የሚያስፈራራችሁ ሰው ሥራውን አያውቀውም።

ከአሮጌው የጌም ቦይ ካሴት ጀርባ ያለው ብሎን ባለ 3.8 ሚሊ ሜትር ልዩ መፍቻ የሚፈልግ በመሆኑ፣ ራሱ ተቦጫጭሮ ካያችሁት በሌላ ነገር ተገዶ ተከፍቷል። ውስጡ ሲታይ፣ አዲሱ ባትሪ ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች በፋብሪካ የተበየዱለት ይሁን፤ ሠራተኛው ከቦርዱ ጋራ የሚበይደው እነዚያን ምላሶች እንጂ ባትሪውን ራሱን አይደለም፣ የመበየጃው ትኩሳት ባትሪውን ይጎዳዋልና። በፕላስተር ብቻ የተጣበቀው ዛሬ ይሠራል፣ ካሴቱ አንድ ቀን ከጠረጴዛ ሲወድቅ ግን ንክኪው ይላቀቅና የወራት ድካም በቅጽበት ከንቱ ይሆናል። የብየዳው ቆርቆሮ ተድቦልቡሎ ከላይ ከተቀመጠ በሚገባ አልያዘም፤ ወደ ዳር እየሳሳ ምላሱን ከቦርዱ ጋራ ካዋሐደ ይዟል። ሊድ የሌለበት ቆርቆሮ በባሕርይው ደብዘዝ ስለሚል፣ ስላላበራ ብቻ ሊነቀፍ አይገባም።

በባትሪው ላይ የተጻፈውም ቁጥር ይነበብ። በጎልድና በሲልቨር የሚገባው ሲአር 2025 ወርዱ 20፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። ዕድሜው ይረዝማል ብሎ ባለ 3.2 ሚሊ ሜትሩን 2032 የሚያስገባ አለ፤ ክዳኑን ሳያስጨንቅ ከገጠመ አልነቅፈውም፣ ክዳኑ ካበጠ ግን ይመለስ።

ካሴቱን ስትረከቡ ጨዋታውን መዝግባችሁ አጥፉት፣ አሳድራችሁም ክፈቱት። በስዊስ ሕግ ባትሪ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ ያገለገለውን መልሶ የመቀበል ግዴታ ስላለበት አሮጌውን ወደዚያ ውሰዱት። በቤታችሁ መዝገቡ ገና ያልጠፋ ካሴት ያላችሁ ወላጆች ግን፣ ባትሪው እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ አሁኑኑ አስገልብጡት።