ባለሙያ የሌለው ዱካክ፦ በፎገራ ሜዳ የሌሊቱ ጭነትና ሁለቱ ማብራሪያዎቹ

ስለ ኢትዮጵያ ባህላዊ ፈውስ በተጻፉ ጥናቶች ዛር ሰፊ ቦታ አለው፤ ቡዳና ደብተራም የሚገባቸውን አግኝተዋል። ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ከርሞ የዛር ጉባኤዎችን በቅርብ ተከታትሎ መዝግቧል። ሳይመን ሜሲንግ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ዛርን የቡድን ሕክምና አድርጎ ተንትኖታል። አለን ያንግ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በበጌምድር አማሮች የሕክምና እምነትና ልማድ ላይ ነው። ሦስቱም ከፎገራ ሜዳ ብዙ ሳይርቁ ሠርተዋል። ዛር ያልወረደበት፣ ቡዳ ያልበላው ሰው ሳይቀር በገዛ አካሉ የሚያውቀው ዱካክ ግን በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ራሱን የቻለ ርዕስ አልሆነም።

ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ዱካክ ከበሮ አይመታለትም፤ ቡና አይፈላለትም፤ ባለዛር፣ ጠንቋይ ወይም ጉባኤ የለውም። ሌሊት ይመጣል፣ ይጫናል፣ ይለቃል፤ ጠዋት ቤት ውስጥ ይወራና ያበቃል። ተመራማሪ ሥርዓትንና ባለሥርዓትን ይፈልጋል፤ ባለሙያ የሌለውን ነገር በቀላሉ ያልፈዋል። የእኔ ክርክር ከዚህ ይነሣል፦ ዱካክን ጤናማ በሆነ መጠን ያቆየው ይኸው ባለሙያ ማጣቱ ነው። ዛሬ የሚያሳስበኝም አዲስ ባለቤት እየወጣለት መምጣቱ ነው።

ነገሩን በቅርቡ እንየው። ሰው ሊነጋጋ ሲል ይነቃል። ዓይኑ ይከፈታል፤ ጣሪያውን፣ ምሰሶውን፣ በበሩ ስንጥቅ የሚገባውን ብርሃን ያያል። እጁን ላንሣ ቢል እምቢ ይለዋል። ልጩህ ቢል ድምፁ አይወጣም። ደረቱ ላይ ከባድ ነገር ይቀመጥበታል፤ ከራስጌው ወይም ከበሩ አጠገብ አንድ ሌላ አካል እንዳለ በእርግጠኝነት ያውቃል። ከሴኮንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶ ይለቀዋል። ጠዋት የሚባለው ግን አጭር ነው፤ "ሌሊት ዱካክ ተጫነኝ።"

ሕክምናው ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያ ጠንካራ ነው። ሕልም በሚበዛበትና ዓይን ከቆብ ሥር በፍጥነት በሚንቀሳቀስበት የእንቅልፍ ክፍል የአንጎል ግንድ ወደ ጡንቻዎች የሚሄደውን ትእዛዝ ይዘጋል፤ ግላይሲንና ጋባ የተባሉ ንጥረ ነገሮች የጡንቻ ነርቮችን ያስተኛሉ። ይህ ባይሆን ኖሮ ሰው የሚያልመውን ሁሉ በአካሉ ይፈጽመው ነበር። አልፎ አልፎ አእምሮ ቀድሞ ይነቃል፣ መዝጊያው ግን ገና አልተነሣም፤ የሕልሙ ምስል በነቃው ዓይን ፊት ይቀጥላል። ድያፍራም ሥራውን አያቋርጥም፤ ትንፋሽ ለማስረዘም የሚያግዙት የደረት ጡንቻዎች ግን ስለማይታዘዙ የደነገጠው ሰው በረጅሙ ለመተንፈስ ሲሞክር ደረቱ የታፈነ ይመስለዋል። ሻርፕለስና ባርበር በ2011 እ.ኤ.አ. 35 ጥናቶችን አጠቃለው እንደጻፉት ከአጠቃላዩ ሕዝብ 7.6 በመቶው፣ ከተማሪዎች ደግሞ 28.3 በመቶው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይህ ደርሶበታል። እንቅልፍ ማጣት፣ የመኝታ ሰዓት መዛባት፣ ጭንቀት፣ ያለፈ አሰቃቂ ገጠመኝና ተንጋልሎ መተኛት ያባብሱታል።

የፎገራ ኑሮ እነዚህን ምክንያቶች አንድ ላይ የሚያመጣባቸው ወቅቶች አሉት። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ከአፋቸው ሲሞሉ የሜዳው ሰው ከብቱንና እህሉን እየጠበቀ ያድራል። ሩዝ በአጨዳው ወቅት ከንጋት እስከ ምሽት ጉልበት ይጠይቃል። በበጋ ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማ ገበሬ የውኃ ተራው ሌሊት ሲደርሰው ሌሊቱን በሞተር ድምፅ ያሳልፋል፤ በማግሥቱ ቀትር ላይ ጥላ አግኝቶ ይጋደማል። ወረታ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚገናኙባት፣ ደረቅ ወደብም ያላት ከተማ ስለሆነች ሾፌሩና ረዳቱም በተቆራረጠ እንቅልፍ ያድሩባታል። በዚህ ሁሉ ላይ የወባ ትኩሳትና ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ ጎንደር ላይ የወረደው የጦርነት ጭንቀት ይጨመራል። እንቅልፍ የተጠማ ሰው ቀትር ላይ ሲያንቀላፋ አንጎሉ በቀጥታ ወደ ሕልሙ ክፍል ሊገባ ይችላል። "በቀትር ዛፍ ሥር አትተኛ" የሚለውን የአባቶች ተግሣጽ፣ በግዕዙ ቁጥር መዝሙር 90 ላይ ስሙ ከሚነሣው የቀትር ጋኔን ጋር አያይዘን ስንሰማው፣ ብዙ ትውልድ ያየውን ነገር በራሱ ቋንቋ ያስቀመጠ ምልከታ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ቤት ውስጥ ያለው ልማድ በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል፤ በጥናቶቻችን የተናቀው እሱ ነውና። አራት ነገሮች አሉት። አንደኛው የመኝታ ምክር ነው፦ "ተንጋለህ አትተኛ፣ ዱካክ ይጫንሃል።" የዛሬ የእንቅልፍ ሐኪም ከዚህ የተለየ አይመክርም። ሙስሊሙ ጎረቤት አያተል ኩርሲን ቀርቶ በቀኝ ጎኑ ሲተኛ የሚያደርገውም እዚያው ላይ ይደርሳል። ሁለተኛው ጸሎት ነው። ቤተ ክርስቲያን ለመኝታ ሰዓት ጸሎተ ንዋምን ሠርታለች፤ ምእመኑ አማትቦ፣ ውዳሴ ማርያሙን ደግሞ ይተኛል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቅደም ተከተል የሚደረግ ጸሎት ቀኑን ከሌሊቱ ይለያል፤ ልብን ያሳርፋል። ጸሎት ጥቅሙ ይህ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለሰውነትም እንዲህ ይሠራል ማለቴ ነው።

ሦስተኛው ንክኪ ነው። አጠገብ የተኛ ሰው ሲቃውን ከሰማ "በስመ አብ" ብሎ ትከሻውን ይነቀንቀዋል፣ ስሙን ይጠራዋል። ይህ የሕክምናውም መፍትሔ ነው፤ የውጭ ንክኪና ድምፅ መዝጊያውን ቶሎ ያነሣዋል። ለብቻው የተኛ ሰውም በልቡ የአምላኩን ስም እየጠራ አንዲት ጣቱን ለማንቀሳቀስ ሲታገል ሐሳቡን ከሚያስፈራው ምስል ላይ ያነሣል። አራተኛውና ትልቁ የጠዋት ወሬ ነው። ልጅቱ ፊቷ ተለዋውጦ ስትነሣ እናት "ምን ሆነሽ ነው?" ትላለች፤ "ዱካክ ተጫነኝ።" "ተንጋለሽ ተኝተሽ ነዋ! እኔንም ልጅ እያለሁ ይጫነኝ ነበር። በይ ተነሽ፣ ፊትሽን ታጠቢ።" በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ስም አለ፣ ምክንያት አለ፣ "እኔንም" የሚል ምስክር አለ፣ መዝጊያም አለ። ማንም አልተከሰሰም፤ ማንም አልተመረመረም። የሥነ ልቦና ባለሙያ ድንጋጤን ለማርገብ ከሚሠራው ብዙውን ይህች እናት ፊት በምታስታጥብበት ጊዜ ፈጽማዋለች።

ከቤት ወጣ ሲል ክታብ ይመጣል። ክታብ በብራና የሚጻፍ ጥቅል ነው፤ በባህሉ ርዝመቱ ከባለቤቱ ቁመት ጋር ይለካል፣ ጥበቃው ከራስ እስከ እግር እንዲደርስ። የባለቤቱ የክርስትና ስም በጸሎቱ ውስጥ በየቦታው ይገባል። ቅዱስ ሱስንዮስ ሕፃናት ገዳይዋን ወርዘልያን ድል የነሣበት ታሪክ ይጻፋል፤ ባርያና ሌጌዎን፣ ደስክና ጉዳሌ፣ ዓይነ ጥላ በየስማቸው ይጠራሉ፤ በየመካከሉ ትልልቅ ዓይኖች ያሉት ጠልሰም ይሣላል። ዣክ መርሲዬ በእነዚህ ጥቅሎች ላይ ረጅም ጥናት አድርጎ የዓይኖቹን ኃይል አስረድቷል። የሌሊቱ ፍርሃት ዋናው ስቃይ መታየት ነው፤ አንድ ነገር ያይሃል፣ አንተ ልትዞር አትችልም። ጠልሰሙ ይህን ይገለብጠዋል፤ አሁን መንፈሱ ይታያል። በአንድ ሰው ልክ የተሠራ፣ በስሙ የሚናገር፣ በሌሊት እጁን ዘርግቶ የሚዳስሰው ይህ ጥቅል ከሥዕል ጥበባችን ታላላቅ ሥራዎች እኩል መቆም አለበት እላለሁ፤ "የአስማት ወረቀት" ተብሎ መጣሉ በደል ነው።

ያም ሆኖ ጉድለቱ እዚያው ጥንካሬው ውስጥ አለ። የስሞቹ ዝርዝር ማቆሚያ የለውም። ለእያንዳንዱ ሕመም አንድ ጠላት ይመደባል፤ ደርሶ ሂያጁ የሌሊት ጭነት ከቋሚ ጠላቶች መዝገብ ውስጥ ይገባል። ክታብ ግን ባለቤቱን ራሱን ይዞ ይጠብቃል እንጂ ከጎረቤት ጋር አያጣላውም።

ይህን መስመር የተሻገረው በቅርብ ዓመታት የበዛው በካሜራ ፊት የሚደረግ የማስለፍለፍ ጉባኤ ነው። ልጅቱ ዱካክ እንደተጫናት ትናገራለች። አጥማቂው "ማን ነህ? በምን ያዝካት? ማን ላከህ?" ይላል። በመቁጠሪያ ትመታለች፤ ደክማ፣ በሕዝብ ተከባ፣ መልስ እስክትሰጥ ትጠየቃለች። መልሱ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሰው ስም ይይዛል፦ አማቷ፣ ጎረቤቷ፣ ሸክላ ሠሪዋ ሴት። ጠዋት ቤት ውስጥ በአምስት ቃል ያልቅ የነበረው ነገር የዕድሜ ልክ ጠላትነት ይሆናል፤ ምስሉም ከስልክ ስልክ ይዞራል። ይህን የጸበል ባህል ቅጥያ አድርገው የሚያሞግሱ ጸሐፊዎች አሉ። አይደለም። ጸበል በጾም፣ በጸሎትና በትዕግሥት የሚኬድበት ሥፍራ ነው፤ ለማስፈራሪያና ለጎረቤት ስም ማውጫ አልተሠራም። ይህ ልማድ በእምነቱ ሚዛንም ሆነ በሕክምናው ሚዛን ጉዳት ነው፤ ጉዳት መባልም አለበት።

እዚህ ላይ ከሌላው ዓለም የመጡ ሁለት ሥራዎች ያግዙናል። ዴቪድ ሃፎርድ በ1982 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የኒውፋውንድላንድ ጥናቱ ሰዎች የሌሊት ጭነትን የሚገልጹት ባህል ስላስተማራቸው ብቻ እንዳልሆነ አሳይቷል፤ ስለ ባህሉ ሰምቶ የማያውቅም ያንኑ ጭነትና ያንኑ በክፍሉ የቆመ አካል ይተርካል። ገጠመኙ እውነት ነው፤ ማብራሪያው ይከተለዋል። ባላንድ ጃላልና ዴቮን ሂንተን ደግሞ ግብፅንና ዴንማርክን ሲያነጻጽሩ ግብፃውያኑ የበለጠ እንደሚፈሩና ጭነቱም እንደሚረዝምባቸው አግኝተዋል። ብዙ ሰው ከዚህ "እምነት ይጎዳል" የሚል መደምደሚያ ያወጣል። እኔ አልስማማም። የሚጎዳው ገጠመኙን ወደ ሞትና ወደ ክፉ ዓላማ የሚያሻግረው ማብራሪያ ነው። "ዱካክ ነው፣ ያልፋል" የሚል ቤትና "ሊገድልሽ የተላከ ነው" የሚል ጉባኤ ሁለቱም በመንፈስ ያምናሉ፤ የሚተክሉት ፍርሃት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ሐኪም ቤቱም ከወቀሳ አይድንም። ዱካኩን ይዞ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው "ምንም የለብህም፣ ድካም ነው" የሚል ነው። ሰውየው ግን የሆነ ነገር እንዳለበት ያውቃል፤ በዓይኑ አይቷል። "ምንም የለብህም" የተባለ ሰው ቀጥሎ የሚሄደው "ምን እንዳለብህ አውቃለሁ" ወደሚለው ነው። ሳይንስ በእርግጠኝነት ሲናገርም ሊስት እንደሚችል ሜዳው ያውቃል፤ በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ካላዛር መግባቱ ከመረጋገጡ በፊት ትኩሳቱ ወባ ተብሎ ሲታከም ሰው አልቋል። ስለዚህ ሐኪሙ መጠየቅና መለየት አለበት። ዱካክ የተጫነው ሰው ነቅቶ ነበር፣ የሆነውን ያስታውሳል። ሌሊት የሚጥል በሽታ የያዘው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አያስታውስም፤ ምላሱ ተነክሶ፣ ልብሱ ረጥቦ ሊገኝ ይችላል። ቀን ቀን መቋቋም የማይችለው እንቅልፍ የሚጥለው፣ ሲስቅ ጉልበቱ የሚከዳው ሰውም ሌላ ምርመራ ያስፈልገዋል። እነዚህ በጸበልም ሆነ በ"ድካም ነው" መታለፍ የለባቸውም።

ፍርዴ ይህ ነው። በፎገራ ያለው ክርክር የመንፈስና የሕክምና ተደርጎ መቅረቡ ስሕተት ነው። የእናቲቱ ምክርና የእንቅልፍ ሐኪሙ ምክር በሚያደርጉት ነገር አንድ ናቸው፦ ስም ይሰጣሉ፣ ፍርሃትን ያሳንሳሉ፣ ሰውን ከሰው አያጣሉም። ተቃራኒያቸው በአንድ በኩል የሚያስለፈልፈው ጉባኤ፣ በሌላ በኩል የሚያጣጥለው ሐኪም ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየቤቱ ስለ አጎበርና ስለ ክትባት ስትናገር ስለ ዱካክም በዚሁ ስሙ ሁለት ቃል ትጨምር። የንስሐ አባት ልጁን ከማስለፍለፊያው ጉባኤ ወደ ጸሎተ ንዋሙ ይመልሰው። የባህል ተመራማሪዎቻችንም ከበሮ የሚመታበትን ቤት ብቻ መፈለጋቸውን ትተው፣ የጠዋቱ ወሬ ከእናቶች ጋር ሳያልፍ ይመዝግቡት።