ጥልቀትን ያልወሰደ ብሩሽ፦ የጎንደር ሥዕልና የምዕራቡ ሥነ ጥበብ ታሪክ አነባበብ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኮሶዬ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው፣ ከእግሩ ሥር ገደሉን፣ ከገደሉ ወዲያ ቆላውን ያያል። ቅርቡ ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ተከታዩ ይደበዝዛል፤ የመጨረሻው ሰንሰለት ከሰማዩ አይለይም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በማስታወሻዎቹ የመረመረው ይህንኑ ነበር፦ አየር ሩቁን ነገር እንዴት እንደሚያደበዝዘውና ሰማያዊ እንደሚያስመስለው። ይህ እይታ ከጎንደር ሠዓሊ ደጅ አይርቅም። በሥዕሉ ግን አናገኘውም። ከቅዱሳኑ ጀርባ ያለው ቢጫ፣ ቀይ ወይም አረንጓዴ መደብ ነው።

ይህን አለመኖር እንዴት እናንብበው? የምዕራቡን ሥነ ጥበብ ከዋሻ ሥዕል እስከ ሬኔሳንስ የምናጠናበት ልማድ መልሱን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ይጠብቀናል። ጆርጆ ቫሳሪ በ1550 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሳተመው የሠዓልያን ገድል፣ ጥበብ ከጆቶ ተነሥቶ በሦስት ዘመን ወደ ማይክል አንጄሎ ፍጹምነት ወጣ። የኋላ መማሪያ መጻሕፍት መሰላሉን ወደ ታች አስረዘሙት፤ በ1940 የተገኘው የላስኮ ዋሻም ታችኛው እርከን ላይ ተቀመጠ። በዚህ መሰላል የሚለካ ተማሪ፣ የጎንደርን ሥዕል «ገና ያልደረሰ» ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም።

ፍርዱ የተሳሳተ ነው፤ የጎንደር ሠዓልያን የምዕራቡን ሥዕል በእጃቸው ይዘው ነበርና። ቬኒሳዊው ኒኮሎ ብራንካሌዮን ጎንደር ከመቆርቆሯ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ በኢትዮጵያ ሥሏል። ኢየሱሳውያን የሮማዋን የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሥዕለ ማርያም ቅጂ አመጡ። አፄ ፋሲል በ1630ዎቹ መጀመሪያ ሚሲዮናውያኑን አባረሩ፤ ሥዕሉ ግን አልተባረረም። እንዲያውም የተሻገሩ እጆቿ ልጇን እንዳቀፉ በጎንደር ዘመን የእመቤታችን ዋነኛ መልክ ሆነ። የእሾህ አክሊል የደፋው የክርስቶስ ሥዕል፣ ኵርዓተ ርእሱም፣ አውሮፓዊ ሥራ ነው፤ ነገሥታቱ ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ወጥተዋል፤ በ1868 ከመቅደላ ተዘርፎ ወጣ።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን በ1590–91 በሮም የሜዲቺ ማተሚያ ቤት የታተመው ዐረብኛ ወንጌል ነው። ሥዕሎቹን የነደፈው አንቶኒዮ ቴምፔስታ ሲሆን ምስሎቹ በእንጨት ተቀርጸው ታትመዋል። መጽሐፉ ጎንደር ገብቶ በ17ኛው መቶ ዘመን ለወንጌል ሥዕሎች አብነት ሆኗል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ አጥኚ የሠዓሊውን ውሳኔ መከተል ይችላል። የሰዎቹ አቋቋምና የእጃቸው ምልክት ከቴምፔስታ ተወስዷል፤ ታሪኩን የሚናገሩት እነሱ ናቸውና። ወደ ውስጥ የሚሸሸው ሕንፃና ጭረት በጭረት የተሠራው ጥላ ግን ቀርቷል፤ በቦታው ደማቅ መደብ ገብቷል። ያልገባው ሰው የሚቀዳው ሁሉንም ነው፤ ለይቶ የሚተው የሚያነብ ሰው ነው።

አንድ ተቃውሞ በቁም ነገር መታየት አለበት። የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ጥቁርና ነጭ ነው፤ የኮሶዬን ዓይነት የአየር ቀለም ሊያስተምር አይችልም። ስለዚህ ክርክሬ በመስመር ስለሚሠራው ጥልቀት ይጸናል፤ ስለ አየሩ ግን ይላላል። ያም ሆኖ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የጎለመሰው ሁለተኛው የጎንደር ስልት መልስ አለው። በዚህ ስልት ፊቶች በለስላሳ ጥላ ይሞላሉ፤ መደቡም ከአንድ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይሸጋገራል። ሠዓሊው ቀለምን ማሸጋገር ያውቃል ማለት ነው፤ የተጠቀመበት ግን ርቀትን ለማሳየት ሳይሆን ቅዱሱን ለማጉላት ነው። ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ኃጢአተኛውን በአንድ ዓይን የሚያሳየው ሥርዓትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፦ በዚህ ሥዕል ቦታን የሚወስነው የሰውየው ማንነት እንጂ የተመልካቹ መቆሚያ አይደለም። ጣሊያናዊው የሥነ ሥዕል ጸሐፊ አልቤርቲ በ1435 ሁሉንም ነገር ለአንድ ተመልካች ዓይን አስገዝቶ ነበር። የጎንደር ሠዓሊ ዓይኑን ለቅዱሱ ሰጠ፤ የሚመለከተው ቅዱሱ ነው፣ የሚታየውም ምእመኑ። የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ መላእክት ወደ ታች የሚያዩት በዚህ ሕግ ነው።

እንግዲህ የምዕራቡን ሥነ ጥበብ ታሪክ የሚያስተምር ኢትዮጵያዊ የትምህርት ክፍል የሬኔሳንሱን የማዛቾን «ሥላሴ» ሲያሳይ፣ በዚያው ሰዓት የቴምፔስታን ገጽና የጎንደሩን ገጽ አብሮ ማሳየት ይገባዋል። ዛሬ ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም፤ የጎንደር ሥራ ሁሉ በአገር ውስጥ አይገኝምና። የጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በ1932 በፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ አጥኚ በማርሴል ግሪዮል ጉዞ ከግድግዳው ወርደው ተወስደዋል፤ በምትካቸው ቅጂ ተለጠፈ፤ እውነተኞቹ አሁንም ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው።