የእንግሊዝኛ መስተፃምሮች አስተማር፤ አጭር ሂስ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ በማስተማሪያ ቋንቋነት እንዲሰጥ ደነገገ። በመሆኑም ከቦሌ እስከ አያት ባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማር አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ የፊዚክስንም ሆነ የታሪክን ፍሬ ነገር የሚያገኘው ሐሳብን ከሐሳብ የሚያጣምሩትን ትንንሽ ቃላት በሚገባ ሲረዳ ነው። የተለመደው አስተማር ግን ለዚህ ኃላፊነት አይበቃም።

በተለመደው ዘዴ «ኤንድ» ማለት «እና»፣ «በት» ማለት «ግን»፣ «ኦር» ማለት «ወይም» እየተባለ በሰሌዳ ላይ ይዘረዘራል፤ ቀጥሎም ተማሪው ባዶ ቦታ እንዲሞላ ይታዘዛል። ዘዴው ለጀማሪ ይጠቅማል፤ ለእርማትም ይቀላል። ሆኖም የሁለቱን ቋንቋዎች የአያያዝ ልዩነት ይሸፍናል።

አማርኛ ተከታታይ ድርጊቶችን የሚያያይዘው በአብዛኛው በቦዝ አንቀጽ ነው። «ባቡሩ ከአያት ተነሥቶ መገናኛ ደርሶ ቆመ» ሲባል ሦስቱ ድርጊቶች በአንድ ማሰሪያ አንቀጽ ይጠቃለላሉ፤ መስተፃምርም አያስፈልግም። እንግሊዝኛ ግን ዓረፍተ ነገሮችን በ«ኤንድ» ሲያጣምር ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ማሰሪያ አንቀጽ ይሰጣል። ቦታቸውም ይለያያል፤ «ና» በፊተኛው ግሥ መጨረሻ ሲለጠፍ፣ «ኤንድ» በኋለኛው ሐሳብ መግቢያ ይቆማል። «እርሱ ግን አልመጣም» በሚለው «ግን» ባለቤቱን ይከተላል፤ «በት» ግን ይቀድመዋል። ከዚህም በላይ «አልመጣም፤ ታሟልና» በሚለው ውስጥ «ና» ምክንያትን ስለሚገልጽ አቻው «ፎር» እንጂ «ኤንድ» አይደለም።

«ምንም እንኳ ዝናብ ቢዘንብም ተማሪዎቹ ግን መጡ» የሚለውም በአማርኛ የታወቀ አነጋገር ነው። ቃል በቃል ሲተረጎም ግን «ኦልዞው» እና «በት» በአንድነት ይገባሉ፤ እንግሊዝኛ የሚፈቅደው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው። ይህን ስሕተት በቀይ ቀለም መሰረዝ ብቻውን አያርመውም፤ ምንጩ የአማርኛው ሥርዓት መሆኑ ለተማሪው ሊብራራለት ይገባል።

የሚሻለው መልመጃ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን በተለያዩ መስተፃምሮች አጣምሮ የትርጉሙን ለውጥ ማስረዳት ነው። «ሙቀቱ ጨመረ» እና «ጋዙ ተስፋፋ» የሚሉት በ«ኤንድ» ሲጣመሩ በግልጽ የሚነገረው የሁለቱ ድርጊቶች መከተል ነው፤ በ«ሶ» ሲጣመሩ ግን ምክንያትና ውጤት ይሆናሉ። ልዩነቱን ያልለየ ተማሪ የሰዋስው ነጥብ ብቻ ሳይሆን የሳይንሱን ሕግ ጭምር ይስታል። ስለዚህ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ለዚህ ንጽጽር ተገቢውን ቦታ ሊሰጡት፣ የእንግሊዝኛ መምህራንም ከሳይንስ መምህራን ጋር ተመካክረው ምሳሌዎቻቸውን ከየትምህርቱ ሊመርጡ ይገባል።