«ፊው» ወይስ «ኤ ፊው»

ኡካ ላይ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ሳስተምር ብዙ ጊዜ የምሰጠው ለብዛትና ለመጠን ቃላት ነው። ልጆቹ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምረው ይመጣሉ፤ ከ9ኛ ጀምሮ ግን ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይሆናል። «ፊው ፕላንትስ ሰርቫይቭ» የሚለውን «ጥቂት ተክሎች ይተርፋሉ» ብሎ ተረድቶ የሚያልፍ ልጅ መጽሐፉ የነገረውን ገልብጦ ነው የሚይዘው። ደራሲው ያለው «የሚተርፍ ተክል እምብዛም የለም» ነው።

«ማች» እና «ሜኒ» ብዙም አያስቸግሩም። ልዩነታቸው ግን በእኛ ቋንቋዎች የለም፦ አማርኛ ለሰውም ለውሃም «ብዙ» ይላል፤ አፋን ኦሮሞም ለሁለቱም «ባይኤ» ይበቃዋል። ስለዚህ መነሻዬ እዚሁ ደጃችን ያለው ቡና ነው። ቡናው ራሱ «ማች» ይወስዳል፤ ኪሎው፣ ፈረሱላውና ጆንያው «ሜኒ»። ከ«ሜኒ» ቀጥሎ ስሙ የብዙ ቁጥር ምልክቱን እንዲይዝ ደጋግሜ አሳስባለሁ፤ እኛ «ብዙ ሰው» ስለምንል «ሰው» ላይ የሚጨመር ነገር ለልጆቹ ትርፍ ይመስላቸዋል።

የሚያደክመው ከ«ፊው» እና ከ«ሊትል» ፊት የምትገባው ያቺ ትንሿ «ኤ» ናት። በየክፍሉ ሲነገር የምሰማው ማብራሪያ «ኤ» ካለ ጥሩ ነገር፣ ከሌለ መጥፎ ነገር ነው የሚል ነው። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። በኅዳር ቡናውን አልጋ ላይ ያሰጣ ገበሬ «ሊትል ሬይን» ቢባል ደስ ይለዋል፤ ዝናብ የለም ማለት ይቻላልና። «ኤ ሊትል ሬይን» ከተባለ ግን ሸራ ፍለጋ ይሮጣል። «ፊው ሚስቴክስ» ተብሎ የተጻፈበት ደብተርም የጎበዝ ተማሪ ደብተር ነው። ደስታውና ቅሬታው ከሁኔታው ይመጣል። ቃሉ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጥቂቱን እንዳለ ቆጠርነው ወይስ እንደሌለ?

ለዚህ ደግሞ አማርኛ ጥሩ መንገድ አለው። «እምብዛም» ስንል ግሱ በግድ አሉታ ይሆናል፦ «ሰው እምብዛም አልመጣም»። «ፊው» እና «ሊትል» የሚውሉት እዚህ ነው። «ጥቂት ሰው መጥቷል» ስንል «ኤ ፊው»፣ «ትንሽ ውሃ አለ» ስንል «ኤ ሊትል» እንላለን። ተማሪዎቼ ዐረፍተ ነገሩን መጀመሪያ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ እንዲያስቡት አደርጋለሁ፤ «አለ» ነው ወይስ «የለም» ወደሚለው ያደላው? መልሱ ከታወቀ በኋላ የሚቆጠር ወይም የማይቆጠር መሆኑን መለየት ቀላል ነው። «ኦንሊ ኤ ፊው» ላይ ግን እንዲጠነቀቁ እነግራቸዋለሁ፤ «ኤ» እያለችም ትርጉሙ ወደ ማነሱ ያጋድላል።

አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ለምን ሁሌ ‹ኤ ሎት ኦፍ› አንልም?» ብሎኝ ነበር። ለብዙ ነገር ይሠራል፤ ለንግግር እኔም አልከለክልም። ጥቂትን መናገር ሲያስፈልግ ግን አያገለግልም።

የሥራ ባልደረቦቼን የምለምነው አንድ ነገር ነው። «ዜር ኢዝ ____ ዋተር» ብላችሁ አራት ምርጫ ደርድራችሁ አትፈትኑ። ሁለቱም፣ «ሊትል»ም «ኤ ሊትል»ም፣ ልክ ናቸው። ከፊቱ ወይም ከኋላው አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሩ፤ ውሃው ለሻይ ይበቃ እንደሆነ ወይም ሰው ሊቀዳ ወንዝ ይወርድ እንደሆነ ተማሪው ይወቅ።