ደረቁን ይቅዱልኝ

ጠጅ ቤት ገብቶ ለስላሳውን የሚያዝ ሰው የሚቀምሰው ማሩን እንጂ የጣይዋን እጅ አይደለም። ጣፋጭነት ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ያልበሰለ ጠጅ፣ የበዛበት ጌሾ፣ በስኳር የተደገፈ ማር ሁሉም ለስላሳው ውስጥ ይደበቃሉ። ደረቁ ላይ ግን እርሾው ጣፋጩን በልቶ ስለጨረሰ መሸሸጊያ የለም። ስለዚህ ጎንደር ውስጥ የማያውቁት ጠጅ ቤት ከገቡ መጀመሪያ ደረቁን ያስቀዱ። ከወደዱት በኋላ መካከለኛውንም ለስላሳውንም መጠጣት ይችላሉ፤ ማንም አይከለክልዎትም።

ቀጥሎ የሚጠየቀው የማሩ ነገር ነው። ዛሬ የከተማው ጠጪ ስለ ወይን ብዙ ተምሯል። የወይን ጠማቂው ካስቴል ከዝዋይ እርሻው ‹‹ሪፍት ቫሊ››ን እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ ካዋለ ወዲህ ሜርሎ ነው ወይስ ሲራ ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ በየሆቴሉ አለ። ያው ሰው ጠጅ ሲቀርብለት ማሩ የየት አገር፣ የምን አበባ እንደሆነ አይጠይቅም። ይኼ የሚያስቆጭ ነው፤ ምክንያቱም የጠጅ ዋናው ጥበብ ማርን ከማር ማገናኘት ነው።

ይህ ጥበብ ጎንደር ላይ ሥር የሰደደበት ምክንያት አይጠፋም። ዓፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን ከቆረቆሩ በኋላ ማር ለቤተ መንግሥቱ በግብርነት ይገባ ነበር። የንጉሥ ግብር የሚያህል ድግስ ደግሞ በአንድ ቀበሌ ቀፎ አይሞላም። የደጋውና የቆላው ማር አንድ ጋን ውስጥ መገናኘቱ የግድ ነበር። ከችግር የተጀመረው ቅልቅል በኋላ የጣዕም መለኪያ ሆነ።

በወይን ዓለም ቅልቅል ሁለት ዓይነት ነው። የቦርዶ ሰዎች ካቤርኔውንና ሜርሎውን ለየብቻ አብላልተው ሲያበቁ እየቀመሱ ያዋህዷቸዋል። ቪየና ዙሪያ ግን ልዩ ልዩ የወይን ዘሮች አንድ ማሳ ላይ ተተክለው፣ አብረው ተለቅመው፣ አብረው ተጨምቀው አብረው ይብላላሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ሕግ የሚጠብቀው የቆየ ልማድ ነው። የእኛ ጠጅ ከቪየናው ወገን ነው። ማሮቹ የሚገናኙት ከመብላላታቸው በፊት ስለሆነ ከዚያ ወዲያ ማረም የለም። ጣይዋ ገና ማሩን ስትቀምስ ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚሆነውን ማወቅ ይኖርባታል።

ከመስከረም ጀምሮ የሰሜኑ ደጋ በአደይ አበባና በመጭ ቢጫ ይለብሳል፤ የኑጉም አበባ ይጨመርበታል። በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር የዚህ ወቅት ፍሬ ነው። ፈካ ያለ፣ ቶሎ የሚረጋ፣ መዓዛው ቀድሞ የሚደርስ ነው። ከቆላው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ጠቆር ይላል፤ ጣዕሙም ይከብዳል። የደጋው ብቻውን ሲጣል አፍንጫን ያስደስትና አፍ ውስጥ ቶሎ ይጠፋል። የቆላው ብቻውን ሲሆን ይጫናል። ሁለቱን ያገናኘች ጣይ መዓዛውንም ክብደቱንም ታገኛለች። መጠኑ ግን በየዓመቱ ይለያያል። ዝናቡ ሲለያይ አበባው ይለያያልና ‹‹እኔ ሁልጊዜ እኩል በእኩል ነው የምቀላቅለው›› የምትል ጣይ ብትገጥመኝ እጠራጠራለሁ።

ጌሾው የዚህ ሁሉ ልጓም ነው። ቅጠሉ ለጠላ ይሆናል፤ ለጠጅ የሚመረጠው እንጨቱ ነው። አንድ እጅ ማር ከሁለት እስከ አምስት እጅ ውሃ ጋር ይበጠበጥና በወይራና በጌሾ እንጨት ጭስ በታጠነ ጋን ውስጥ ይቀመጣል። ብርዙ መብላላት ሲጀምር ጌሾው ይገባል። በጊዜው ካልወጣ ደግሞ ምሬቱ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ሞቃት አገር ላይ አምስት ቀን የሚበቃው ጠጅ ብርድ ባለበት አሥራ አምስትና ሃያ ቀን ይፈልጋል። ለዚህ ነው እንደ ደባርቅ ባለ ብርዳም ከተማ ትዕግሥት ያላት ጣይ የምታወጣው ጠጅ የረጋ የሚሆነው። ብርዱ እርሾውን አያጣድፈውም።

አሁን ብርሌው ቀርቧል። አንገቱን ይያዙ እንጂ ሆዱን አይቀፉት፤ ጠጁ ይሞቃል። መደፍረሱ ነውር አይደለም፣ የሰፈፍ ብናኝም ቢታይበት አይከፋም። ቀለሙ ከገለባ እስከ ጠቆር ያለ ማር ሊሆን ይችላል። አረፋውን ግን ልብ ይበሉ፤ እስከ አረፋው ድረስ ቢጫ የሆነ ጠጅ ቀለም የገባበት ይመስለኛል። ሲያሸቱት ሰም፣ ጭስና እንጨት ተራ በተራ ሊመጡ ይገባል። ሆምጣጤ ከቀደመ ብርሌውን ይመልሱት።

ድሮ አሳላፊው ከጠጁ በመዳፉ አፍስሶ ቀድሞ ይጠጣ የነበረው መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት ነበር። መዳፍ ለሌላም ይጠቅማል። ጥቂት ጠብታ አሽተው ያሽትቱ፦ የማር ጠጅ እጅ ላይ የሰም ሽታ ትቶ ይሄዳል፣ የስኳሩ ግን ከአልኮሉ ጋር ይበናል። አፍ ውስጥም እንዲሁ ነው። ስኳር የበዛበት ደረቅ ጠጅ ይሳሳል፣ ጉሮሮን ያቃጥላል፣ የጌሾው ምሬትም ማር አጥቶ ብቻውን ይቀራል። በጥሩው ጠጅ ጌሾ የሚሰማው መጨረሻ ላይ፣ ከተዋጠ በኋላ፣ ምላስ ሥር ነው። ምላስን አጽድቶ ሌላ ጉንጭ ያስመኛል። በአዋዜ የተነከረ ጥሬ ሥጋ ላይ ይሞክሩት፤ ለስላሳው እዚያ ይሸነፋል።

የታሸገው ጠጅ ሌላ ዳኝነት ይፈልጋል። ሕያው ጠጅ ጠርሙስ ውስጥም መብላላቱን ስለማይተው ፋብሪካ ወይ ያጣራዋል ወይ ያሞቀዋል። ስለዚህ ኩልል ማለቱን እንደ ጥፋት አልቆጥርበትም። ጌሾ ከሌለበት ግን የማር ወይን ይባል እንጂ ጠጅ አልለውም፤ ጽሑፉን ገልብጠው ያንብቡ። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ደረቅ ጌሾ ከሐበሻ ሱቅ ገዝተው እቤታቸው ይጥላሉ። ከሱፐርማርኬት የሚገኘው ባለ አንድ አበባ ማር ጠፍጣፋ ሲሆንባቸው ከጠቆረ ማር ጋር የሚያዋህዱት ብልሆች ናቸው፤ የጎንደርን መንገድ በሌላ አገር አበባ እየሄዱበት ነው።

ጎንደር ላይ ጠጅን ለመዳኘት ከባዱ ሰሞን ጥምቀት ነው። የኅዳሩ ማር ገብቷል፣ እንግዳው ብዙ ነው፣ ጋኑ ደግሞ አይበቃም። ለጥር 11 የሚደርስ ጠጅ በዚህ ብርድ ቢዘገይ በታኅሣሥ አጋማሽ መጣል ነበረበት። ከማዘዝዎ በፊት መቼ እንደተጣለ በትሕትና ይጠይቁ። ‹‹ባለፈው ሳምንት›› ካሉዎት ዳሽን ቢራ ይዘዙ።